የሸረሪቷ ኮቴ

ኮሽታ የሚለውን ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። አናጢ ነበሩ፤ ቤታቸውን ከመሥሪያቸው የሚለየው አንድ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ መጋዝ ሲገዘግዝ፣ መላጊያ ሲፍቅ፣ መዶሻ ሲወርድ እየሰማች ያደገችው ልጅ ገና አፏን በወጉ ሳትፈታ መጋዙን መምሰል ጀመረች። መጋዙን ስትጨርስ በሩን ያዘች። እናቷ በሩ «ሲጥጥጥ…» ሲል ይሰሙና «ማነው? ይግቡ!» እያሉ እጃቸውን በሽርጣቸው አብሰው ከጓዳ ብቅ ይላሉ። በሩ ዝግ ነው፤ እንግዳም የለም። ልጅቷ ጠረጴዛ ሥር ተወሽቃ አፏን በመዳፏ አፍና ትንከተከታለች።

«ይቺ ልጅ እኮ ኮሽታ ናት» አሉ አባቷ አንድ ቀን፣ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው። «የሌለውን አለ ታሰኛለች!»

ስሙ በዚያው ጸና። ትምህርት ቤት ስትገባ ደግሞ የደወሉን ድምፅ ከአፏ አውጥታ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ከሰዓቱ በፊት ግቢ ውስጥ በተነችው። መምህሩ ራሳቸው ጠመኔያቸውን አስቀምጠው አብረው ወጥተው ነበር፤ የነቁት ግቢው መሐል ሲደርሱ ነው። የዚያን ቀን የቀመሰችውን ቅጣት ስታወራ እንኳ ፊቷ ላይ ኩራት ይነበባል። «ቢሆንም መምህሩንም አስወጥቻቸዋለሁ!» ትላለች።

አድጋ ልብስ ስፌት ተማረች፤ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳ ጭምት ሰው አገባች። ባሏ «እ» እና «እሺ» ከበቁት ሦስተኛ ቃል የሚጨምር ሰው አይደለም። የቤቱን ወሬ የሚያሟሉት አብረዋቸው የሚኖሩት እናቱ ነበሩ። አማቷ ባላቸው ቀድሟቸው ቢሞት አሸዋና ጠጠር ተሸክመው ልጆች ያሳደጉ፣ አንዴ ጓዳ የገባ ሌባ በጭልፋ አሳድደው ጫማውን ጥሎ እንዲፈረጥጥ ያደረጉ፣ ከሰውም ከአውሬም የሚፈሩት ነገር የሌለ ሴት ናቸው።

ኮሽታን ወደ ፊልም ሥራ ያስገባት መጋረጃ ነው። ከከተማው ዳር ያለ አንድ ስቱዲዮ የድምፅ መቅጃ ክፍሉን በወፍራም ጨርቅ ሊያለብስ ሰፊ ሲፈልግ እሷ ሄደች። መሬት ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ፣ ድምፅ ቀጂው የዝናብ ድምፅ አልመጣለት ብሎ ከአንድ ባልዲ ውሃ ጋር ትግል ገጥሟል። ውሃው በማሽኑ ሲሰማ ሽንኩርት ሲቁላላ ይመስላል። ሰውየው ሸሚዙ እስኪረጥብ ሲያንቦጫርቅ አይታ አላስችል አላት። ከስቱዲዮው ጓዳ ጥሬ ሩዝ ለመነችና በወፍራም ወረቀት ላይ ከፍ አድርጋ፣ መጀመሪያ ፍሬ በፍሬ፣ ከዚያ በእፍኝ አፈሰሰችው። ድምፅ ቀጂው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንደያዘ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ፊቱ በርቷል።

«እህቴ፣ ነፋስም ትችያለሽ?»

«የቱን ነፋስ?» አለችው። «የጠዋቱን፣ ወይስ በር የሚገነጥለውን?»

ከማግስቱ ጀምሮ መጋረጃው ለሌላ ሰፊ ተሰጠ። እሷም ለራሷ ጠባብ ክፍል አገኘች፤ በዓመታት ውስጥ ዓለምን ሁሉ አስገባችበት። በአንድ በኩል ጠጠር፣ አሸዋና ደረቅ ቅጠል የሞሉ ሣጥኖች፤ ተዋናይ በፊልሙ ሲራመድ እሷ በሣጥኖቹ ላይ ትራመድለታለች። በሌላው በኩል ከሕፃን እስከ ወታደር የሁሉም ዓይነት አሮጌ ጫማ። መሐል ላይ ደግሞ ወደ የትም የማያስገባ፣ አራት ዓይነት መቀርቀሪያ ያለው በር ቆሟል። አጥንት መሰበር ካለበት ጥቅል ጎመን ትጠመዝዛለች። «የዛሬው ፊልም ላይ ስንት ሰው ሞተ?» ይላሉ አማቷ ማታ፣ የተረፈውን ጎመን ለሾርባ እየከተፉ።

በዚያ ዘመን ሲኒማ ቤቶች በግዙፍ ፍጥረት ተጥለቅልቀው ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ፊልም ሁሉ ዝሆን የሚያህል ጉንዳን፣ መርከብ የሚገለብጥ ሸርጣን፣ ፎቅ የሚረግጥ እንሽላሊት ነው። ሕዝቡም እየጮኸ ያያል፤ ወጥቶም ዳግመኛ ይሰለፋል። የስቱዲዮው ዳይሬክተር ይህን ሲያይ እንቅልፍ አጣ። ቀጭን፣ ሲናገር እጁ ከአፉ የሚቀድም ጎልማሳ ነው። አንድ ቀን ሠራተኛውን ሁሉ ግቢ ውስጥ ሰብስቦ እጆቹን እስከሚችለው ዘረጋቸው።

«ሸረሪት!» አለ። «ቤት የምታህል!»

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሳይንቲስት እህል በአንድ ቀን የሚያሳድግ መድኃኒት ይቀምማል፤ ብልቃጡ ይወድቃል፤ ጥግ ላይ ድሯን የምታደራ ሸረሪት ከፈሰሰው ትቀምሳለች። ከዚያ በኋላ ያለውን የሲኒማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ድመቷ ትጠፋለች፣ ቀጥሎ ዘበኛው፣ በመጨረሻ ከተማው ሁሉ በድር ይሸፈናል።

ሸረሪቷን የሠራት ፍራሽ ሰፊው ነው። የብረት አፅም በየደ፣ በስፖንጅና በጭድ ሞላው፣ ጥቁር የተነከረ የበግ ቆዳ አለበሰው፤ ለዓይኖቿ የአሮጌ ጭነት መኪና መብራቶች ተከለላት። እግሮቿ ከላይ ከተዘረጋ የብረት ድልድይ በገመድ ተንጠልጥለው እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ሰው ይጎትታቸዋል። ስምንት እግር፣ ስምንት ሰው፣ ስምንት ሐሳብ! አንዱ ወደ ፊት ሲል ሌላው ወደ ጎን ይላል፤ በመጀመሪያው ልምምድ እግሮቿ ተቆላልፈው በግንባሯ ተደፋች።

ዳይሬክተሩ ራሱን ይዞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል!» ብሎ ጮኸ። «እናንተ ግን ሸረሪቷን በገዛ እግሯ አሰራችኋት!»

በዝናቡ ወቅት ቆዳው ረጥቦ ግቢው ሁሉ በግ በግ ሸተተ። የሰፈሩ ድመትም ሞቃት ቦታ ብትፈልግ የሸረሪቷ ሆድ ውስጥ ገብታ ወለደች፤ ግልገሎቹ ዓይናቸውን እስኪገልጡ ቀረጻ ተቋረጠ። ይሁን እንጂ ገመድ ጎታቾቹ ቀስ በቀስ ለመዱ። ከታች ወደ ላይ ተቀርጻ፣ በጭስ መሐል፣ መብራቶቿ ደብዘዝ ብለው ስትመጣ ፍራሽ ሰፊው ራሱ «እኔ ነኝ የሠራኋት?» ብሎ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

የቀረው ድምፅ ነው። ዳይሬክተሩ ኮሽታ ክፍል ገብቶ፣ «ግሣት ስጪኝ! አንበሳ የሚያስንቅ!» አላት።

«ሸረሪት ታገሣለች እንዴ?»

«ቤት ካከለች ምን ይከለክላታል?»

ኮሽታም ታዘዘች። ረጅም የቦይ ቧንቧ አምጥታ ትንፋሿ እስኪቆረጥ ነፋችበት፤ ባዶ በርሜል በሲሚንቶ ላይ አስጎተተች፤ ድምፅ ቀጂው ሁለቱን ቀላቅሎ ቴፑን ቀስ አድርጎ ሲያዞረው የመስኮቱ መስተዋት ተርገፈገፈ። ሁሉም አጨበጨበ። እሷም በሥራዋ ረካች፤ ግሣቱ በእርግጥም ግሩም ግሣት ነበር።

ፊልሙ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት በአንድ ትንሽ ሲኒማ ቤት ለሙከራ ታየ። የሰፈሩ ሰው ተጋበዘ፤ ተማሪዎች፣ ባለ ሱቆች፣ ድምፁ ያለ ድምፅ ማጉያ ሦስት መንገድ የሚሻገረው ሥጋ ሻጭም ከጓደኞቹ ጋር መጣ። ኮሽታ ከኋላ ቆማለች። ጭሱ መጣ፤ የመጀመሪያው እግር ከጣራው በላይ ብቅ አለ፤ አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ። በዚያች ቅጽበት ሸረሪቷ አገሣች።

ከዚያ ሥጋ ሻጩ፣ «ኧረ ጎበዝ፣ ፍራሹ ተቆጣ!» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው ጠፋ። ሸረሪቷ ባገሣች ቁጥር ሰው ሆዱን ይይዛል። የሳይንቲስቱን እጮኛ በድሯ ጠቅልላ ስትጎትታት፣ ልብ ሊሰነጠቅ በሚገባው ቦታ፣ አንዱ «አልጋውስ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። እንባቸው የሚፈስ ነበሩ፤ በሳቅ ነው እንጂ።

ሲያልቅ ዳይሬክተሩ ወንበሩ ውስጥ ሰጥሞ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ሞተዋል። ባለ ስቱዲዮው መጣ። አጭርና ደልዳላ ሰው ነው፤ ሲናደድ ድምፁ ይቀጥናል።

«ሸረሪቷን ቆርጣችሁ አውጡልኝ» አለ በቀጭኑ።

«ያለ ሸረሪት ምን ይቀራል?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ሳይንቲስቱና እጮኛው አሉ አይደል? የፍቅር ፊልም ይሁን!»

ኮሽታ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰው ሳቅ ሽልማቷ ነበር። የዚያን ቀኑ ሳቅ ግን እንደ አሸዋ ጥርሷ ውስጥ ገባ። ወደ ፊት መጣችና፣ «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልናገር» አለች። «ሰዎቹ የሳቁባት በመልኳ አይደለም። እስክታገሣ ድረስ እኮ ጸጥ ብለው ነበር። አፍ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እኔው ልንጠቃት። እስከ መክፈቻው ድረስ ይተዉልኝ።»

ባለ ስቱዲዮው አያት፤ ዳይሬክተሩንም አየው። የሰውየው ሁኔታ ሳያሳዝነው አልቀረም።

«እስከ መክፈቻው» አለ። «ካልሆነ ፍቅር ነው!»

በመቅጃው ክፍል መስኮት ጥግ ድር ያደራች አንዲት ሸረሪት ነበረች፤ ኮሽታ ከእሷ ልማር ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጆሮዋን አስጠጋች። ሸረሪቷ ወጣች፣ ወረደች፣ ዝንብ ጠቀለለች፤ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ጭራሽ ምንም! ኮሽታ በዕድሜዋ ሙሉ አልቀዳ ያላት ነገር ገጥሟት አያውቅም፤ የማይሰማ ነገር ግን ከምን ይቀዳል? ተነሥታ የመጣላትን ሁሉ ሞከረች። ድምፅ ቀጂው ማዳመጫውን አድርጎ ይፈርዳል።

«ይሄ እባብ ነው።»

«ይሄስ?»

«የተነፈሰ ጎማ።»

«እሺ ይሄኛው?»

ድምፅ ቀጂው ጥቂት አሰበ። «ይሄ የሰው ማንኮራፋት ነው።»

«የባሌ ነው፤ አወቅከው» አለችና ቧንቧውን ወረወረችው።

መፍትሔው የመጣው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቤቷ ነው። ዕረፍቷን ወስዳ ሸሚዝ ስትተኩስ ነበር። ጎረቤት ያሉት ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ያስጮኻሉ፤ ከወዲያ ሬዲዮ ይዘፍናል፤ ከኋላ የውሃ መሳቢያው ይንዶቀዶቃል፤ ልጆች ኳስ ግድግዳ ላይ ይለጋሉ። አማቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ድንገት መብራት ጠፋ። የስፌት መኪኖቹ ቀጥ አሉ፤ ሬዲዮው ከነዘፈኑ ተዋጠ፤ መሳቢያው አንዴ ጓ ብሎ ሞተ፤ ልጆቹም ምን እንደሆነ ለማየት ኳሱን ያዙት። ዓለም ጭር አለ።

የአማቷ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። ቀና አሉ።

«ምንድን ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

ኮሽታ አየቻቸው። ሌባ በጭልፋ ያባረሩት ሴት የክንዳቸው ፀጉር ቆሟል። ምንም አልመጣም እኮ፤ የነበረው ሄደ እንጂ! ኮሽታ የራሷ ልብም ሲመታ ተሰማት። ካውያውን አስቀምጣ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች። ከስፌት ዘመኗ የቀሩ፣ ጣት መርፌ እንዳይወጋው የሚጠለቁ የብረት ቆቦች ነበሯት፤ ሁለቱን አውራ ጣቶቿን ትታ በስምንቱ ላይ አጠለቀቻቸው። በላያቸው የሱፍ ካልሲ ለበሰች። ከዚያ በሁለቱ ክፍሎች መሐል ባለው የሣንቃ ግድግዳ አናት ላይ አንድ ጣት አሳረፈች። ድፍ። ቆየች። ሌላውን፣ ድፍ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ ቀስ፣ ቀስ፣ መርገጫ እንደሚመርጥ ሰው፣ ወደ ታች ወረደች። ድፍ… ድፍ ድፍ… ድፍ።

ከወዲያ ወንበር ተገለበጠ፤ ምስር መሬት ላይ ተዘረገፈ።

ኮሽታ ሮጣ ስትወጣ አማቷ ጠረጴዛው ላይ ቆመዋል፤ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበዋል።

«አይጥ ነው እማማ» አለች ኮሽታ ሳቋን ውጣ።

«ምን አይጥ! አይጥ እንደዚህ አያስብም!» አሉ አማቷ። «ይሄ እያሰበ ነው የሚረግጠው!»

ኮሽታ እጆቿን ከነካልሲያቸው አወጣችና እግራቸው ላይ ተጠመጠመች። «እማማ፣ ይኑሩልኝ! አገኘኋት! አገኘኋት!»

አማቷ ነገሩ ሲገባቸው የወረደባት ስድብ ለጎረቤት ሁሉ ተረፈ። ከጠረጴዛው ደግፋ ካወረደቻቸው፣ አብረው ምስሩን ለቅመው ከጨረሱ በኋላ ግን ቆም ብለው ጠየቁ።

«ለመሆኑ ስንት እግር ነበራት?»

«ስምንት።»

«ሰምቼዋለሁ!» አሉ በኩራት።

በማግስቱ ኮሽታ ዳይሬክተሩን ክፍሏ አስቀምጣ አስረዳችው። ሸረሪቷ ስትመጣ ድምፅ አንጨምርም፤ እንቀንሳለን። መጀመሪያ ከተማው ሙሉ ይሰማ። ውሻ ይጩህ፣ ብስክሌት ያቃጭል፣ አንዲት ሴት ምንጣፍ ታራግፍ። ከዚያ ውሻው ዝም ይበል። ቀጥሎ ብስክሌቱ። ቀጥሎ ምንጣፉ። ሰው ምን እንደጎደለው ሳያውቅ ይጉደልበት። እሷም ያኔ ትርገጥ።

«ሙዚቃውስ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ሙዚቃውም ይውጣ።»

«ኧረ ባክሽ! ለዚያ ቦታ ስንት ሰው ነው መለከት የነፋው!»

ተሟገቱ። እሱ ከወንበሩ ይነሣል፣ ይቀመጣል፤ እሷ ምንጣፍ እያራገፈች፣ ውሻ እየሆነች ታሳየዋለች። ለብዙ ጊዜ ከተከራከሩ በኋላ የዳይሬክተሩ እጆች ቀስ ብለው ተነሡ።

«አንድ ድምፅ ብቻ ይቆይ» አለ። «በፊልሙ ግቢ ውስጥ ያለው ዥዋዥዌ። ስትጫወትበት የነበረችው ልጅ ወርዳ ሮጣለች፤ ዥዋዥዌው ባዶውን እየሄደ ነው። ሁሉ ዝም ብሎ እሱ ብቻ ሲጥ… ሲጥ… ይበል። ከዚያ እሱም…»

«ይቁም» አለች ኮሽታ። «እኔ ይህን በሕልሜም አላስበውም ነበር» አለችው፤ ክርክሩም በዚሁ አለቀ።

ቀረጻው እንደ ድግስ ዝግጅት ነበር። አሮጌ ቁም ሣጥን በጀርባው አስተኙ፤ ድምፅ ቀጂው ማይክሮፎኑን ውስጡ ደብቆ ዘጋው። ኮሽታ አውራ ጣቶቿን በክር ከመዳፏ ጋር አሰረች፤ ቆቦቹን አጠለቀች፤ ካልሲውን ለበሰች። ሸረሪቷን በፊልም ማሳያው ሸራ ላይ እያየች፣ አንዱን እግር በአንድ ጣት፣ ስትረግጥ ረገጠች፣ ስታመነታ አመነታች። ለድሩ እርጥብ ገመድ በሁለት ወንበሮች መሐል ወጥራ፣ ቫዮሊን ተጫዋቾች ቀስታቸውን በሚቀቡት ሙጫ አሸችው፤ ገመዱ አለቀሰ። ጣቶቿ እስኪያብጡ ደጋገመች። በመጨረሻው ዙር ድምፅ ቀጂው ማዳመጫውን አውልቆ ወጣ ብሎ አየር ወሰደ።

«ምነው?» አለችው።

«ውስጡ ያለ መሰለኝ» አለ።

ፊልሙ በትልቁ ሲኒማ ቤት በእሑድ ከሰዓት ተከፈተ። ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ ነበር፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ የ«ፍራሹ» ወሬ ከተማውን ስላዳረሰ አብዛኛው ሊስቅ ነው የመጣው። ሥጋ ሻጩ የገበያውን ሰው ሁሉ አስከትሎ መሐል ወንበር ይዟል። ቀልዶቹን ከወዲሁ እያፍታታ ነው። «ዝም ብላችሁ እኔን ተከተሉኝ» ይላል። ኮሽታ በባሏና በአማቷ መሐል ተቀምጣ የተሰፋ ከንፈር ይዛለች። አማቷ ጆሮዋ ሥር «አይዞሽ፣ እኔ አውቃታለሁ» አሏት፣ ሸረሪቷን እንደ ዘመድ።

ሳይንቲስቱ ብልቃጡን ጣለ። ድመቷ ጠፋች። ሰዉ እየተቁነጠነጠ ይጠብቃል። ከዚያ ያ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ፀሐይ የሞላው ግቢ፣ ከተማው ሙሉ እየተሰማ። ውሻ ይጮኻል። ብስክሌት ያቃጭላል። ምንጣፍ ይራገፋል።

ውሻው ዝም አለ።

ማንም ልብ አላለም። ብስክሌቱ ዝም አለ። አንዲት ሴት ስታኝከው የነበረውን አቆመች። ምንጣፉ ዝም ሲል የሺህ ሰው ወንበር መንቋቋቱን ተወ። ሥጋ ሻጩ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ቀልዱን ሊጀምር። ነገር ግን በዚያ ጸጥታ ውስጥ የራሱን ድምፅ ማሰማት ፈራ፤ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ባዶው ዥዋዥዌ ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሲጥ… ሲጥ… ሲጥ…

ቆመ።

ድፍ።

ከጣራው በላይ አንድ እግር። ድፍ… ድፍ ድፍ። ሰዎች ከሸራው ይልቅ ወደ አዳራሹ ኮርኒስ ቀና አሉ። ድፍ፣ ስምንተኛው እግር አረፈ፤ ሁለቱ መብራቶች ከጭሱ ውስጥ ወጡ፤ አዳራሹም ባንድ ጉሮሮ ጮኸ!

እንዲህ ያለ ጩኸት ያ ሕንፃ ሰምቶ አያውቅም። ከደጅ የተሰለፉት ለሁለተኛው ትርዒት የመጡ ሰዎች ወደ ኋላ ሸሹ። ሥጋ ሻጩ ያን የመሰለ ድምፁ የት እንደገባ አልታወቀም፤ አጠገቡ ያሉትን የማያውቃቸውን አዛውንት አንገት አንቆ ወንበር ላይ ወጥቷል። ሰውየውም «ልጄ፣ ልቀቀኝ፣ እኔም እየፈራሁ ነው!» ይላሉ። ከሁሉ በላይ የጮኹት ግን ምስጢሩን ከነካልሲው የሚያውቁት አማቷ ናቸው። ጮኸው ጮኸው ሲያበቁ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ በዚያ ጨለማ፣ «የልጄ ሚስት ናት!» አሉ። «ይቺ! ይቺ እዚህ ያለችው ናት!»

ኮሽታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። በጣቶቿ መሐል እያየች ነበር፤ ሸራውን ግን አይደለም። ሰውን ነበር የምታየው። እግሩን ወንበር ላይ የሰበሰበውን፣ ባሏን የጨበጠችውን፣ ኮቱን ራሱ ላይ የከመረውን። እንባዋ ገና እብጠታቸው ባልጎደለ ጣቶቿ ላይ ቢወርድም አላበሰችውም። ባሏ ክንዷን ያዘና፣ «አሸነፍሽ» አላት። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጣ፤ እጆቹ ከሞት ተነሥተው እንደ ወፍጮ ይሽከረከራሉ። ኮሽታን ጎትቶ አወጣትና ማን እንደሆነች ተናገረ። «አሰሚን!» አለ አንዱ ከፎቅ። «አሰሚን! አሰሚን!» አለ አዳራሹ።

ኮሽታ ተንበረከከች። መብራቱ ሁሉ በርቷል፤ ሸረሪት የለም፣ ጭስ የለም፣ ሽርጥ የምትመስል ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት ብቻ ናት። አውራ ጣቶቿን አጥፋ ስምንቱን በመድረኩ ጣውላ ላይ፣ በማይክሮፎኑ ፊት አነሣች። ሺህ ሰው ጸጥ አለ። ድፍ… ድፍ ድፍ… ድፍ። በመጀመሪያው ረድፍ ያሉት፣ እጇን በዓይናቸው በብርሃን እያዩ፣ እግራቸውን ከመሬት አነሡ። አዳራሹ ይህን ሲያይ በሳቅ ፈረሰ፤ የዛሬው ሳቅ ግን የእሷ ነበር።

ሸረሪቷ ከዚያ ሲኒማ ቤት ወቅቱ ሙሉ አልወረደችም። ሥጋ ሻጩ ደጋግሞ ከሚመጡት አንዱ ሆነ፤ በየጊዜው አዲስ ሰው አስከትሎ ይመጣና ሸራውን ትቶ የሰውየውን ፊት ያያል። ባለ ስቱዲዮው «እኔ እኮ መጀመሪያም ታስፈራኝ ነበር» ማለት ጀመረ፤ ማንም አልተከራከረውም። ለኮሽታ ሰፊ ክፍል ተሠራላት፤ ሙያውን የሚማሩ ሁለት ሴቶችም ተቀጠሩላት። ፊልሙ ሲጀምር ከዳይሬክተሩ ስም ቀጥሎ የእሷ ስም እንዲጻፍ አዲስ ቅጂ ታተመ። እሷም ሲያትሙ ቆማ አየች።

በኋላ ፊልሙ ባሕር ማዶ ለውድድር ተጋበዘ። የሚተረጉመው ሰው ስላልተገኘ እንዲሁ በራሱ ቋንቋ ሄደ፤ ዳይሬክተሩም ተሸክሞት ሄደ። በታየበት ዕለት የስቱዲዮው ስልክ ጮኸ፤ ቢሮ ውስጥ ያሉት ተጠጋግተው ኮሽታ እጀታውን ያዘች። መስመሩ ይንጫጫል።

«ጮኹ!» አለ የዳይሬክተሩ ድምፅ ከሩቅ።

«የት ላይ?»

«ዥዋዥዌው ቆሞ እግሯ ሲያርፍ! እዚያው ላይ! ልክ እዚያው ላይ!»

«አንድ ቃል ሳይገባቸው?»

«አንድም ቃል!»

ኮሽታ እጀታውን ለባለ ስቱዲዮው አቀበለችና ወደ ግቢው ወጣች። ፍራሽ ሰፊው የአዲስ ሸርጣን አፅም እየበየደ ነው፤ ገመድ ጎታቾቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እጆቿን ወደ ላይ አነሣች።

«ባሕር ማዶም ጮኹልን!» አለች በሙሉ ድምፅዋ። ሰዎቹ ከተቀመጡበት እንደ አንድ ሰው ብድግ ብለው ወደ እሷ ሮጡ።